4.9 ሜትር ለምትረዝም ጀልባ መጎተቻ ምን ዓይነት መኪና ልምረጥ?

ማዕበል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ የሚጻፈውን ከአንድ ዓመት በላይ በዝምታ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ግን ብቻዬን ልፈታው ያልቻልኩት ጥያቄ ስለገጠመኝ ምክራችሁን ልጠይቅ ወደድሁ። ያለችኝ ጀልባ ርዝመቷ 4.9 ሜትር፣ አካሏ ከፋይበርግላስ የተሠራ፣ ከኋላዋም ባለ 60 ፈረስ ጉልበት ሞተር የተገጠመላት ናት። የምጎትታት የፊት ጎማዎቹ ብቻ በሚነዱ የቤተሰብ መኪና ሲሆን፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ፍሬን ያለው ተጎታች እስከ 1,200 ኪሎ ግራም ድረስ መጎተት እንደሚቻል ይገልጻል። በጀልባዋ ሰነድ ላይ የሰፈረው ክብደት 480 ኪሎ ግራም በመሆኑ፣ ከመኪናዬ አቅም ግማሹን እንኳ አልተጠቀምሁም ብዬ እኮራ ነበር።

ይህን ኩራቴን ሁለት አጋጣሚዎች ሰበሩት። የመጀመሪያው የደረሰው ጀልባዋን ከውሃ በማወጣበት ተዳፋት ላይ ነው። ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ በደንብ ከተቀመጠችና ከታሰረች በኋላ መኪናውን ሳንቀሳቅስ፣ የፊት ጎማዎቹ ርጥብ በሆነው ኮንክሪት ላይ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። የፍሪሲዮን ቃጠሎ ሽታ መኪናውን ሞላው፤ ፍሬን እስክይዝ ድረስም አንድ ክንድ ያህል ወደ ውሃው ተንሸራተትሁ። የማላውቀው ሰው በፒክ አፑ ስቦ አወጣኝ። ሁለተኛው ደግሞ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ስወርድ ተጎታቹ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመረና መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

አሁን ሦስት ነገሮችን እያሰብሁ ነው። አንደኛው ያለኝን መኪና ይዞ መቀጠልና አነዳዴን ማሻሻል፣ ሁለተኛው አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱና 1,500 ኪሎ ግራም እንዲጎትት የተፈቀደለት መካከለኛ የቤተሰብ መኪና መግዛት፣ ሦስተኛው ደግሞ 3,500 ኪሎ ግራም የሚጎትት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክ አፕ መግዛት ነው። አራት የቤተሰብ አባላት ነን፤ መኪናው ከሳምንቱ ቀናት አብዛኛውን የሚያሳልፈው ያለ ጀልባ ነው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ፒክ አፑ

ፒክ አፑን ይግዙና ይገላገሉ። እኔ ከስምንት ዓመት በላይ በአንዱ ስጎትት ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ተዳፋት ላይ ቆሜ አላውቅም። 3,500 የሚጎትት መኪና ከኋላው አንድ ቶን መኖሩ እንኳ አይሰማውም። የቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

የድሮ መካኒክ

አቶ ማዕበል፣ መኪና ከመምረጥዎ በፊት የሚጎትቱትን ነገር ይወቁት። በሰነዱ ላይ የተጻፈው 480 ኪሎ የባዶ ቀፎው ክብደት ነው፤ ሞተሩንም፣ ነዳጁንም፣ ተጎታቹንም አይጨምርም። ይህ ስህተት የእርስዎ ብቻ አይደለም፤ ወደ ጋራዤ ከሚመጡት ባለ ጀልባዎች አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ክብደት ይኸው የሰነዱ ክብደት ነው።

እስቲ አብረን እንደምረው። ባለ አራት ምት የሆነ 60 ፈረስ ጉልበት ሞተር ወደ 115 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ከአንድ ኪሎ ያንሳል፤ 0.74 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 70 ሊትር ሲሞሉ 52 ኪሎ ጨመሩ ማለት ነው። ባትሪው 20 ኪሎ፣ መልህቁ ከነሰንሰለቱና ከነገመዱ ሌላ 20፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች፣ መቅዘፊያ፣ የመሣሪያ ሳጥንና የበረዶ ሳጥን ቢያንስ 40 ኪሎ ይሆናሉ። ለዚህ መጠን የተሠራ ባለ አንድ አክስል ተጎታች ደግሞ ብቻውን 290 ኪሎ ቢመዝን አያስገርምም። ሲደመር 1,017 ኪሎ ይመጣል። 480 የነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ይህም ግምት ነው። ጀልባዋ አሮጌ ከሆነች ከወለሏ በታች ያለው ፎም ውሃ መጥጦ ሊሆን ይችላል፤ ያ ውሃ በየትኛውም ሰነድ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ለጉዞ እንደሚያዘጋጇት አድርገው ጭነው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ያውጧትና ተጎታቹን ከመኪናው ፈትተው ብቻውን ያስመዝኑት። በዚያው ቀን የጋንቾውን ጫና፣ ማለትም የተጎታቹ አፍንጫ በመኪናው ጋንቾ ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት፣ ለይተው ይለኩ። ይህን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ያለው የሰውነት ክብደት መለኪያ ሚዛን ይበቃል። ሚዛኑን በጠንካራ ደልዳላ መሬት ላይ ያስቀምጡ፣ የጋንቾው ቁመት የሚያህል እንጨት በላዩ ያቁሙና የተጎታቹን አፍንጫ በእንጨቱ ላይ ያሳርፉ። ተጎታቹ ልክ መኪና ላይ እንደታሰረ ሆኖ አግድም መስተካከል አለበት፤ አፍንጫው ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የሚያነቡት ቁጥር ይዋሻል። ጎማዎቹን በታኮ መያዝዎን አይርሱ።

ሚዛን ጠባቂ

ባለ ፒክ አፑ የጻፉትን በአክብሮት ልቃወም እወዳለሁ። 3,500 የሚለው ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። ማንኛውም መኪና ቢያንስ አራት ገደቦች አሉት፦ የሚጎትተው ከፍተኛ ክብደት፣ በጋንቾው ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ጫና፣ መኪናው ራሱ ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ ሊመዝን የሚችለው፣ በመጨረሻም መኪናውና ተጎታቹ ተደምረው ሊመዝኑ የሚችሉት። ለምሳሌ አንድ ፒክ አፕ ራሱ እስከ 3,050 ኪሎ መመዘን ተፈቅዶለት፣ 3,500 መጎተትም ተፈቅዶለት፣ የሁለቱ ድምር ግን ከ5,850 እንዳያልፍ ሊታዘዝ ይችላል። ሁለቱን የመጀመሪያ ቁጥሮች ደምሩ፤ 6,550 ይመጣል። 3,500ውን የሚጎትቱ ከሆነ መኪናው ከ2,350 በላይ ሊመዝን አይችልም፤ ይህም ለብዙዎቹ ፒክ አፖች ሹፌርና ትንሽ ዕቃ ብቻ ማለት ነው።

ለአቶ ማዕበል ጀልባ ይህ ችግር አይሆንም፤ አንድ ቶን ለፒክ አፕ ቀላል ነው። ነገሩን ያነሳሁት ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ውሳኔውን የሚወስነው ቁጥር አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ያው አንድ መኪና እንኳ እንደ ሥሪቱና እንደተሸጠበት አገር ይለያያል። ቶዮታ ራቭ ፎርን ብንወስድ፣ በአውስትራሊያ አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱት ሃይብሪድ 1,500 ኪሎ ሲፈቀድለት የፊት ጎማዎቹ ብቻ የሚነዱት ሃይብሪድ ግን 480 ኪሎ ብቻ ነበር የተፈቀደለት። ስሙም መልኩም አንድ ነው። ስለዚህ የጎረቤት መኪና ስንት ይጎትታል ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ የሚገዙትን መኪና መመሪያ መጽሐፍና የሻንሲ ሰሌዳ ማንበብ ብቻ ነው።

ቀዛፊው

እኔ ደግሞ ስለ ተዳፋቱ ልናገር፤ ምክንያቱም ለጀልባ የሚመረጥ መኪና ከካራቫን (በመኪና ከሚጎተት ቤት) መጎተቻ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ካራቫን የሚጎትት ሰው ዓመቱን ሙሉ ርጥብ ተዳፋት ላይ ጀርባውን ለውሃ ሰጥቶ መነሣት አይጠበቅበትም። እኛ ግን በወጣን ቁጥር ይጠብቀናል።

የጀልባ ማውረጃ ተዳፋት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 በመቶ ያዘነብላል። 14 በመቶ እንበል። የአቶ ማዕበልን መኪና ከነሹፌሩ 1,700 ኪሎ፣ ተጎታቹን ደግሞ 1,100 ኪሎ ብናደርገው ድምሩ 2,800 ነው። ይህን ወደ ላይ ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ከድምሩ 14 በመቶው፣ ማለትም ወደ 390 ኪሎ ይሆናል። ሞተሩ በመጀመሪያ ማርሽ ይህን ጉልበት አያጣም። ጥያቄው ጎማው መሬቱን ይዞ ወደ መሬቱ ያስተላልፈዋል ወይ የሚለው ነው።

የፊት ጎማዎች በሚነዱት መኪና ላይ፣ መሬቱ ደልዳላ ሲሆን የፊት ጎማዎቹ 1,000 ኪሎ ያህል ይሸከማሉ። ተዳፋት ላይ አፍንጫው ወደ ላይ ሲያቀና ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የጋንቾው ጫናም የኋላውን ተጭኖ የፊቱን ያነሣዋል። ሁሉም ተቀናንሶ የፊት ጎማዎቹ ላይ የሚቀረው 880 ኪሎ ገደማ ነው። ደረቅ ኮንክሪት ላይ ጎማ ከሚሸከመው ክብደት 70 በመቶ ያህሉን መሳብ ይችላል ብንል 616 ይሆናል፤ 390 የሚያስፈልገው መኪና ይወጣል። ኮንክሪቱ ረጥቦ ትንሽ ሲያዳልጥና ያ 70 ወደ 35 ሲወርድ ግን 308 ይሆናል። መኪናው አይወጣም። ጋዝ ቢረግጡም፣ ቢለቁም፣ ቢጸልዩም አይወጣም። በእርስዎ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አሁን አራቱም ጎማዎች ይነዱ። የመኪናው ክብደት በሙሉ ከጋንቾው ጫና ጋር ለመያዝ ያገለግላል። በዚያው በሚያዳልጠው ኮንክሪት ላይ 600 ኪሎ ያህል መሳብ ይችላል፤ ከሚያስፈልገው በእጅጉ ይበልጣል። ልዩነቱ የሞተር ትልቅነት አይደለም፤ የጎማ ቁጥር ነው።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኮንክሪቱን የሚያለብሰው አረንጓዴ ዝቃጭ ወፍሮ የጎማው መያዣ ወደ 20 በመቶ ከወረደ አራቱ ጎማዎችም 355 ብቻ ነው የሚስቡት። ያን ጊዜ ምንም ዓይነት መኪና አያድንም፤ ከመውረድዎ በፊት በእግርዎ ሄደው ተዳፋቱን በጫማዎ ይሞክሩት።

ገመድ አይጠፋኝም

የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ጨርሶ አይሆንም የሚል አስተያየት እንዳይጸና ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ ለብዙ ዓመታት በዚያው ዓይነት መኪና ስጎትት ቆይቻለሁ። ዘዴዬ ቀላል ነው፤ ተዳፋቱ አፋፍ ላይ ስደርስ መኪናውን ደረቁና ደልዳላው ላይ አቁሜ ተጎታቹን እፈታዋለሁ፣ በአፍንጫው ጎማ አቁሜ በ10 ሜትር ጠንካራ ገመድ ከጋንቾው ጋር አስረዋለሁ። ከዚያ መኪናው ከደረቅ ኮንክሪት ሳይወርድ ተጎታቹ ብቻ ወደ ውሃው ይገባል፤ ሲወጣም እንዲሁ። በቀዛፊው ስሌት መሠረት መኪናው ራሱ ተዳፋቱ ላይ ስለማይሆን መሳብ ያለበት የተጎታቹን ድርሻ ብቻ ነው፤ 154 ኪሎ።

የድሮ መካኒክ

ዘዴው ይሠራል፣ ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይጠበቁ። ገመዱ ከሚስበው ጉልበት ብዙ እጥፍ የሚችል ይሁን፣ በሚወጠርበት ጊዜም ማንም ሰው፣ በተለይ ልጆች፣ በገመዱ አቅጣጫ አይቁም፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ነው የሚመለሰው። ሌላው፣ ተጎታቹ ሲወርድ በገመድ ብቻ ስለሚያዝ የአፍንጫው ጎማ ድንጋይ ቢነካ ወደ ጎን ይዞራል። ሁለት ሰው ሆኖ፣ ተዳፋቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ከሆነ አልቃወምም። በበዓል ቀን ከኋላ አሥር ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ይህን ማድረግ ግን ጠብ መጥራት ነው።

ማዕበል (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጀልባዋን እንደ ጉዞ ቀን ጭኜ አስመዘንኋት። ውጤቱ 1,130 ኪሎ ግራም ነው። ጋሽ መካኒክ ከገመቱት በ113 ኪሎ ይበልጣል፤ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ወደ ቤት ተመልሼ የጀልባዋን ማከማቻ ብፈትሽ ሁለተኛ መልህቅ፣ ግማሽ የሞላ የ20 ሊትር ውሃ ጄሪካንና ከቀድሞው ባለቤት የቀረ የብረት ሳጥን አገኘሁ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ የጋንቾው ጫና ነው፤ 28 ኪሎ ብቻ ነው። በአንድ እጄ ላነሣው ምንም አልቀረኝም። ይህ ጥሩ ምልክት መስሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ተጎታቹን ከመኪናው ጋር ማያያዝ ሁልጊዜ ቀላል ስለነበር።

የድሮ መካኒክ

የመወዛወዙ ምክንያት ተገኘ። 28 ኪሎ ከ1,130 ውስጥ 2.5 በመቶ ብቻ ነው። ለጀልባ ተጎታች የሚመከረው ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ጫፍ ስለተሰቀለ ጀልባ በተፈጥሮዋ ወደ ኋላ ታደላለች፣ ይህን የሚያስተካክለው የተጎታቹ አክስል ያለበት ቦታ ነው። አፍንጫው ሲቀልል ተጎታቹ ከአክስሉ ኋላ ባለው ክብደት ይመራል፤ ነፋስ ወይም የሚያልፍ ከባድ መኪና ትንሽ ሲገፋው መመለሻ አያገኝም፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥርም እየባሰ ይሄዳል። ሌላ ጊዜ ቢደርስብዎ እግርዎን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብለው ያንሡ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ በድንገት ፍሬን አይርገጡ፣ በመሪም ሊያሯሩጡት አይሞክሩ። ከ80 ወደ 100 ሲፈጥኑ የሚገፋዎት ጉልበት ከግማሽ በላይ እንደሚጨምር ያስታውሱ፤ እኔ ከጀልባ ጋር ከ80 አላልፍም።

መፍትሔው ጀልባዋን በተጎታቹ ላይ ወደ ፊት ማስጠጋት ነው። ዊንቹ (ጀልባዋን በገመድ ስቦ ተጎታቹ ላይ የሚያወጣው መጠምጠሚያ) የተሰካበት ምሰሶ በብሎን የተያዘ ስለሆነ ይፈታል፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፍተው ደግመው ይመዝኑ። የጀልባዋ የኋላ ጫፍ ግን የተጎታቹን መደገፊያ አልፎ አየር ላይ እንዳይቀር፤ ሞተሩን የሚሸከመው ያ ክፍል ነው። 75 ኪሎ አካባቢ ቢያገኙ ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት ግን የመኪናዎን መመሪያ አንድ ጊዜ ይክፈቱና በጋንቾው ላይ ስንት ኪሎ እንደተፈቀደ ይንገሩን።

ማዕበል (ጠያቂ)

50 ኪሎ ይላል።

ሚዛን ጠባቂ

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርጫ በዚህ ወደቀ። ዝቅተኛው 5 በመቶ እንኳ ከ1,130 ላይ 57 ኪሎ ያህል ነው። ገደቡን ካከበሩ ተጎታቹ ይወዛወዛል፤ ተጎታቹን ካረጋጉት ገደቡን ያልፋሉ። 1,200 የሚለው ትልቁ ቁጥር ይችላሉ ሲልዎት 50 የምትለው ትንሽ ቁጥር አይችሉም አለችዎት። ገዢዎች ይህችን ቁጥር ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ ሻጮችም ሲያነሷት አላየሁም።

ጫናው መኪናው ላይ የሚያደርገውን ደግሞ እንየው። ጋንቾው ከኋላ አክስል 1.1 ሜትር ወደ ኋላ ወጥቶ፣ በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 2.7 ሜትር ቢሆን፣ 75 ኪሎ ጫና በኋላ ጎማዎች ላይ 105 ኪሎ ይጨምራል፣ ከፊት ጎማዎቹ ላይ ደግሞ 30 ኪሎ ያነሣል። ስለዚህ ሁለት መኪኖች ሲያወዳድሩ ከኋላ አክስሉ እስከ ፓራውልቱ ያለው ጭራ አጭር የሆነውን፣ በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ረጅም የሆነውን ይምረጡ። ያ 75 ኪሎ ከመኪናው የመጫን አቅም ላይ እንደሚቀነስም አይዘንጉ፤ አራት ሰውና የአራት ሰው ዕቃ ሲጫን አቅሙ ሳያስቡት ያልቃል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። ሱዙኪ ጂምኒ ፎር ባይ ፎር ነው፣ ዝቅተኛ ማርሽም አለው፣ 1,300 ኪሎ እንደሚጎትትም አንብቤአለሁ። ርካሽና ጠንካራ ከሆነ ለምን አይሆንም?

የድሮ መካኒክ

ልጄ፣ ጥያቄህ መልካም ነው። ተዳፋቱን እንደ ፍየል ይወጣዋል፤ ጥርጥር የለኝም። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ጂምኒ ራሱ የሚመዝነው 1,100 ኪሎ ገደማ ሲሆን በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.25 ሜትር ብቻ ነው። የአቶ ማዕበል ጀልባ ከመኪናው ትከብዳለች ማለት ነው። በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ምክር ተጎታቹ ከባዶው መኪና ክብደት 85 በመቶውን እንዳያልፍ ነው፤ በተለይ ጀማሪ ለሆነ ሹፌር። የተፈቀደ ሁሉ የሚመከር አይደለም። 350 ኪሎ ለምትሆን ቀላል የአሉሚኒየም ጀልባ ከነተጎታቿ ግን እኔም እገዛው ነበር።

ባለ ፒክ አፑ

መልሼ ላንብበው ብዬ ሁሉንም አነበብሁ። ቀደም ሲል በችኮላ መጻፌን አምናለሁ፤ ቢሆንም ፒክ አፑ እስካሁን የሚያሸንፍ ይመስለኛል። ክብደት አለው፣ በሻንሲ ላይ የቆመ ነው፣ ጋንቾው ብዙ ጫና ይችላል፣ ዝቅተኛ ማርሽም አለው።

ቀዛፊው

ለጀልባው ያሸንፋል፤ ለቤተሰቡ ግን መታሰብ አለበት። ባዶ ፒክ አፕ የኋላው ባሌስትራ ለአንድ ቶን ጭነት የተሠራ ስለሆነ ያንገጫግጫል፤ በሁለት ጎማ ሲነዳም ርጥብ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎቹ በቀላሉ ያመልጣሉ። ርዝመቱም ከ5 ሜትር በላይ ነው፤ ከጀልባው ጋር ሲደመር 11 ሜትር ግድም ይሆናል። በዓመት ሃያ ቀን ጀልባ የሚጎትት፣ ቀሪውን 345 ቀን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ለሃያው ቀን ብሎ 345ቱን መክፈል አለበት ወይ? ጀልባዋ ሁለት ቶን ብትሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር።

አዲስ ገቢ

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ሚዛን ጠባቂ

ተዳፋት ላይ ድንቅ ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን ከዜሮ ጀምሮ ይሰጣል፣ የሚቃጠል ፍሪሲዮንም የለውም። ቴስላ ሞዴል ዋይ በአውሮፓ 1,600 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዶለታል። ሆኖም ተጎታች ሲታሰርበት በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ብዙዎቹ የቻርጅ ቦታዎችም ተጎታች እንዲያስገቡ ተደርገው አልተሠሩም፤ ስለዚህ ጀልባዋን ፈትቶ ማቆም ግድ ይሆናል። ውሃው ቅርብ ለሆነለት ሰው ይመቻል። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ጨርሶ መጎተት አልተፈቀደላቸውም፤ በቅድሚያ ይጣራ።

የድሮ መካኒክ

አቶ ማዕበል ወደ ሁለተኛው ምርጫ እያዘነበሉ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ስለ ሞተሩና ስለ ካምቢዮው ልናገር፤ ጋራዤ ውስጥ የማየው ጉዳት የሚበዛው እዚያ ነው።

ለመጎተት የፈረስ ጉልበት ቁጥር አያታልልዎት። የሚፈልጉት ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር፣ በ1,500 እና በ2,000 መካከል፣ የሚሰጠውን ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይል ነው። ቱርቦ ያለው ናፍጣ እዚህ ላይ ይበልጣል፤ ቱርቦ ያለው ቤንዚንም ክፉ አይደለም። ቱርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ግን ከባሕር ወለል ከፍ ባሉ ቁጥር ይዳከማል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ 150 የነበረው ፈረስ ጉልበት ወደ 120 ይጠጋል፤ የሚጎትተው ጀልባ ግን አይቀልለትም።

ማንዋል ካምቢዮ ላይ የሚቃጠለው ፍሪሲዮን ነው፤ እርስዎ ሽታውን ያውቁታል። በተዳፋት ላይ ግማሽ ረግጦ ግማሽ ለቆ መኪናውን ማንጠልጠል አንድ ፍሪሲዮን በአንድ ቀን ይጨርሳል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ለጀልባ የሚመቸው ለዚህ ነው፤ ቶርክ ኮንቨርተር (በፍሪሲዮን ፈንታ ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፍ ክፍል) ያለው ከሆነ ቀስ ብሎ ያለ ቃጠሎ ይነሣል። ጠላቱ ሙቀት ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተር ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ ከሌለው ማስገጠም ይቻላል። በቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ ካምቢዮ ያላቸው መኪኖች ብዙዎቹ የመጎተት ገደባቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ገደቡ ቢፈቅድም ረጅም አቀበት ላይ ሲግል ጉልበት እየቀነሰ ራሱን ይጠብቃል።

«አራቱም ጎማዎች ይነዳሉ» የሚለውም ይመርመር። አንዳንዱ ሁልጊዜ አራቱንም ይነዳል፤ አንዳንዱ የፊቱ ሲያዳልጥ ብቻ በክላች አማካይነት ወደ ኋላ ይልካል። ሁለተኛው ለአንድ ጊዜ መውጫ ይበቃል፤ ደጋግመው ካሽከረከሩት ግን ክላቹ ግሎ ለጊዜው ሥራውን ያቆማል፤ የሚያቆመውም ተዳፋቱ መካከል ሲደርሱ ነው። የመቆለፊያ ቁልፍ ካለው ከመነሣትዎ በፊት ይጫኑት።

በመጨረሻም የተጎታቹ ፍሬን ይሠራል ወይ? ተጎታቹን በአንድ ሰው እያስገፉ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ሁለቱም ጎማዎች መያዝ አለባቸው።

ማዕበል (ጠያቂ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። የዊንቹን ምሰሶ 14 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፋሁት፣ ሁለተኛውን መልህቅና የብረት ሳጥኑንም አወጣሁ። አሁን ጠቅላላው 1,090፣ የጋንቾው ጫና ደግሞ 74 ኪሎ ሆኗል። የተጎታቹን ፍሬን እንደተባልሁት ስሞክር የቀኙ ጎማ ያዘ፣ የግራው ግን ምንም ሳይመስለው ይዞር ነበር። ከበሮውን ብከፍተው የፍሬን ሸራው በዝገት ከአካሉ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ፍሬን ያለው ተጎታች እየጎተትሁ መስሎኝ በግማሽ ፍሬን ነበር የምወርደው።

የገዛሁት ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ቱርቦ ናፍጣ፣ ቶርክ ኮንቨርተር ያለው አውቶማቲክ፣ አራቱም ጎማዎች የሚነዱት፣ 1,500 ኪሎ ለመጎተትና በጋንቾው 100 ኪሎ ለመሸከም የተፈቀደለት፣ ባዶ ክብደቱም 1,650 ኪሎ ነው። ተጎታቹ ከመኪናው 66 በመቶ ብቻ ሆነ። ትናንት በዚያው በተዋረድሁበት ተዳፋት ወረድሁ። ሲወጣ አንድ ጊዜ የፊቱ ጎማ ጮኸ፣ ወዲያው ከኋላ ገፋ የሚያደርግ ነገር ተሰማኝና አፋፉ ላይ ነበርሁ። በመንገድም በ80 ስነዳ መሪውን በሁለት ጣት መያዝ ይቻል ነበር፤ አልያዝሁትም እንጂ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ቤት ስደርስ የተጎታቹን ጎማ እምብርት በእጄ ብነካው የግራው ከቀኙ ይልቅ ይሞቃል። ክዳኑን ስከፍት ግራሶው እንደ ወተት ነጥቷል።

የድሮ መካኒክ

ውሃ ገብቶበታል። ረጅም መንገድ መጥተው ወዲያው ወደ ውሃ ሲያስገቡት የጋለው እምብርት በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውሃውንም በማሸጊያው በኩል ይስባል። በዚያው ጎማ መንገድ አይውጡ። ሁለቱንም ወገን ኩሽኔታ ያስፈቱ፣ በቤንዚን ያሳጥቡ፣ ሰማያዊ የሆነ ወይም የተበላ ካለ ይቀየር፤ ማሸጊያው ጎማ ግን ደህና ቢመስልም በአዲስ ይተካ፤ ውሃን የሚቋቋም የጀልባ ግራሶ ይሞላ። ከዚህ በኋላ ተዳፋቱ ዘንድ ሲደርሱ ማሰሪያዎቹን እየፈቱ፣ የመብራቱንም ገመድ እየነቀሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ እምብርቱን ሲነኩት እጅዎን ካላቃጠለ ያስገቡት።